በጣት መሃል የታየ ፊልም

ኸድራ አስፈሪ ፊልም ትወዳለች። የሠርግና የፍቅሩን ለሌሎች ትታ፣ ግማሹ ሰው ግማሹ ብረት የሆነ ፍጡር በር ገንጥሎ የሚገባበትን፣ ስልክ ባለቤቱን የሚገድልበትን፣ መኪና ያለ ሹፌር ሰው የሚያሳድድበትን ትመርጣለች። አሶሳ ገበያ ዳር ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭነው ዋሊድ «እናቴ፣ አንቺን የሚያስፈራ ከየት ላምጣ?» እያለ ያማርራል።

ባሏ ረጀብ ደግሞ ፈሪ ነው። ወፍጮ ቤት አለው፤ ቀኑን ሙሉ ከሚያጓራ ሞተር ጋር ይውላል፤ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ብረት ሲንቀሳቀስ ግን ዓይኑን ይጨፍናል። ምነው ሲሉት «የኔው ሞተር ናፍጣ ካላጠጡት አይነሳም፤ ያኛውን ማን እንደሚያጠጣው አላውቅም» ይላል።

ነገሩ የጀመረው አዲስ ተጋቢ ሳሉ ነው። ረጀብ በሰፈራው ጊዜ በአባቱ ትከሻ ከወሎ የመጣ፣ ኸድራ ደግሞ እዚያው የመንጌ ወረዳ ተወላጅ፣ ከበርታ ሕዝብ ናት። የሚግባቡት በአማርኛ ነበር፤ የእሷ አማርኛ ደግሞ ወንዱን ከሴት መለየት አይወድም። አንድ ቀን ቪዲዮ ቤት ወሰደችው። ብረት ለባሹ የመጀመሪያውን ሰው አንገት ሲይዝ ረጀብ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ ጮክ አድርጎ «ቢስሚላህ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኸድራ ባሏ ሲሳቅበት አንጀቷ አልቻለም፤ ጎትታ አስቀመጠችው፣ መዳፏን ዓይኑ ላይ ጫነችና በጆሮው «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ለቀቀው። አሁን ይቅርታ እያለ ነው» አለችው። ሰውየው በዚያች ሰዓት መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ቤት ሠርተው፣ ልጃቸው ሪም ተወልዳ ለወግ በቅታም፣ የሚያስፈራው ሲመጣ ኸድራ መዳፏን ትዘረጋለች፤ ረጀብ ከሥሩ ይጨፍናል፤ እሷ ትተርካለች። በእሷ ትረካ ብረቶቹ ሁሉ ጨዋ ናቸው። በር ሰብረው የገቡት ውሃ ጠምቷቸው ነው። የሚጮኸው ሕዝብ ሠርግ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ታርቆ ገንፎ በባምያ ይበላል። ረጀብ «አልሐምዱሊላህ» ይልና ደስ ብሎት ይተኛል። ኸድራ ይህን ከውሸት አትቆጥረውም፤ ሰው ለሚወደው አጥንቱን ለይቶ ያጎርስ የለ?

ችግር የመጣው ልቧ ሲሰንፍ ነው። ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች እንጂ ያኔስ ማንም አልሳቀም። ገበያ መሃል ደጋግማ ወደቀች። ሪም ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ የልቧ ምት እንደዘገየ፣ አዲስ አበባ ሄዳ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ደረቷ ውስጥ ካልተቀበረላት አንድ ቀን ሊቆም እንደሚችል ነገራቸው። ኸድራ ሰምታ ስታበቃ «አልፈልግም» አለች።

ሪም አለቀሰች። ረጀብ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ደግሞ ለመነ። «እሺ ምክንያቱን ንገሪኝ» ሲላት ቡና ልታፈላ ተነሳች። ምን ብላ ትንገረው? ምክንያቱ ፊልም ነበረ። ደረቷ ውስጥ ባትሪ የተቀበረላት አንዲት ሴት ከሆስፒታል በተመለሰች ዕለት፣ ባትሪው አዟት እራት ላይ ባሏን አንቃ ትገድላለች። ኸድራ ሞኝ አይደለችም፤ ፊልም ፊልም መሆኑን ታውቃለች። ሆኖም ከረጀብ ጎን ተኝታ እጆቿን ስታያቸው ፍርሃት ይይዛታል። የፈራችው ለራሷ ሳይሆን ለእሱ ነው። ይህን እንዳትነግረው ደግሞ፣ ያን ፊልም የጨረሰችለት «ሴትዮ ዳነ፣ ቤቱ ገባ፣ ኸላስ፣ አለቀ» ብላ ነው። ጭራሽ እሱው ራሱ «ያቺ የፊልሟ ሴት እንኳ ድና የለ?» ብሎ ተከራከራት።

አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ረጀብ ወፍጮውን ዘግቶ ገባ። ዋሊድን ለምኖ ያንኑ ፊልም አስጭኗል። ኸድራን አጠገቡ አስቀመጣት፤ ሴትየዋ ከሆስፒታል ስትወጣ ሻካራ መዳፉን ዓይኗ ላይ ጫነ።

«ምን ሆነሃል ያ ረጀብ? እኔ አልፈራም እኮ።»

«ዛሬ ተራው የኔ ነው። ጨፍኚ።»

ጨፈነች።

«ቤቷ ገባች» አለ። «ባሏ እራት አቅርቧል፤ ገንፎ በባምያ ነው።» ሳህን ሲሰበር ተሰማ። «ደስታ ነው፤ እጁ ተንቀጥቅጦ ነው።» ሰውየው ጮኸ። «ዘፈን ጀመረ፤ ድምፁ አያምርም እንጂ።» የሚታነቅ ሰው ሲያጓጉር ተሰማ። «አቀፈችው። ናፍቋት ነው፣ ጠበቅ አደረገችው።»

ኸድራ ሳቀች። ወዲያው ግን የእሱን ዓይን የሸፈነ መዳፍ እንደሌለ ገባት።

«አንተ፣ እያየኸው ነው።»

«እያየሁት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቪዲዮ ቤቱ ጀምሮ። ጣቶችሽ ቀጫጭን ናቸው ኸድራ፤ በመሃላቸው ሁሉም ይታያል። ሲብስብኝ እጨፍናለሁ፣ ሲቀለኝ አያለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ያንቺን ፊልም ስለምወደው ነዋ።» መዳፉን ከዓይኗ አላነሳም። «ይቺ ሴት ምን እንዳደረገችም ያኔውኑ አይቻለሁ። እንቢ ያልሽው በሷ ምክንያት መሆኑ ገብቶኛል። ብታንቂኝም እዚሁ ጎንሽ ነኝ። አንቺ ከሌለሽ ግን ይሄን ሁሉ ብረት ማን ያስታርቅልኛል?»

መዳፉ በእንባዋ ራሰ። ኸድራ «እሄዳለሁ» አለች።

አዲስ አበባ፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ አልጋዋን የሚገፋው ሠራተኛ ቆመላቸው፤ ረጀብ ከዚያ ወዲያ አይገባም። ኸድራ በተከፈተው በር ትልልቅ መብራቶች፣ ገመዶች፣ ቀይ እያበራ የሚጮህ ማሽን አየች። የፊልሞቿ ብረቶች በሙሉ እዚያ ተሰብስበው የሚጠብቋት መሰላት።

«ረጀብ፣ ንገረኝ» አለች።

ጎንበስ ብሎ መዳፉን ዓይኗ ላይ ጫነ። «አብሽሪ። ማሽኑ ስትገቢ ብድግ አለልሽ። የመንጌን ሰዎች ደህንነት ጠየቀ። ትንሽዬ ነው፣ ጨዋ ነው። ልብሽን 'ቀስ በይ፣ አብረን እንሂድ' ይላታል። አሁን ቤታችን ገባን። ገንፎው ቀርቧል።»

ድምፁ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ኸድራ በወፍራም ጣቶቹ መሃል ጠባብ ክፍተት ፈልጋ አጮለቀች። ረጀብ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጥብቅ አድርጎ ጨፍኗል።

«ማፊ ሙሽኪላ» አለችው። «እኔ አያለሁ። አንተ ብቻ ንገረኝ።»