ሥዕሉን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ

ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይህን ቃል አሁን በየመንገዱ እናገረዋለሁ፤ የሚያምነኝ ግን የለም። መናገር በነበረብኝ ቀን ዋሽቼ ዛሬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ብጮህ ምን ዋጋ አለው?

ኃይለ ሚካኤል እባላለሁ። ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ዳር ባለችው ማርያም ቄሰ ገበዝ ነኝ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ ነው። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ዕቃ ቤቱ ድረስ ገባብን። መጽሐፉም፣ አልባሳቱም፣ ሥዕሉም ውኃ ጠጣ። ኅዳር ላይ ከፍቼ ሳየው ሻግቷል፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ሲነኩት ይበጣጠሳል። እንዲህ ያለ ነገር አይጣልም፣ አይሸጥም፣ ዕቃም አይጠቀለልበትም። ሥርዓቱ ጸሎት አድርሶ ማቃጠል፣ ዐመዱንም እግር የማይረግጠው ቦታ መቅበር ነው። እኛ ካህናቱ ይህን እናውቃለን። ምእመኑ ግን አያየውም፤ ልቡ ቅር እንዳይለው ብለን እኛም አንነግረውም። ያ ዝምታችን ነው መዘዙ።

ቅጥር ግቢው ገና አልጠፈፈም ነበር። ደረቅ መሬት ያለው ከአጥሩ ማዶ፣ የእንድሪስ አውድማ ላይ ብቻ ነው። እንድሪስ ሙስሊም ነው። ሃያ ዓመት ድንበርተኛ ሆነን ኖረናል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ቤቴ ውኃ ሲገባው ልጆቼን አንድ በአንድ ተሸክሞ ያወጣልኝ እሱ ነው። አውድማህን ስጠኝ ስለው አመነታ፣ የእናንተ ነገር እኔ ዘንድ መሆኑ ደግ አይደለም አለኝ። ምን ቸገረህ ብዬ የተቆጣሁት እኔ። ደረቅ የሩዝ ገለባ አመጣልኝና፣ እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

ጾም ነበር፣ ሆዴ ይጮኻል። ነፋሱም እሳቱን አላስነድድ አለኝ። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚግል ሰው ነኝ፤ ተበሳጨሁ። ከሥር ያልነደደውን ሳላገላብጥ ዐመዱን በጨርቅ አፍሼ የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ቀበርኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለካ የእመቤታችን ሥዕል ግማሹ ተርፎ ገለባው ሥር ቀርቷል።

በማግስቱ ለአጨዳ ከሐሙሲት የመጡ ጎረምሶች አገኙት። ጠየቁ? ማንን ጠይቀው! ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹና፣ አክራሪ የእመቤታችንን ሥዕል አውድማው ላይ አቃጠለ ብለው ለቀቁት። እስከ ቀትር ወረታ ታመሰች። መገንጠያው ላይ ባጃጁ ሁሉ ቆሞ ክርክር ሆነ። አንዱ፣ ወታደሩ እስካሁን የት ተኝቶ ነው፣ አክራሪን አይለቅምም ወይ ይላል። ሌላው፣ ወታደር ከገባ የሚለቀመው የእኛው ልጅ ነው ይላል። ሦስተኛው ከሁለቱ ጋር ላለመነጋገር ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሁለቱንም ይሰድባል። ሥዕሉን በዓይኑ ያየ የለም፤ ማን እንዳቃጠለው ግን ሁሉም ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ወታደሩ መጥቶ መንገዱን ዘጋ። እንድሪስን እጁን አስረው ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አመጡት። የወታደሩ አዛዥ፣ ሻለቃው፣ ማን እንዳቃጠለው ሲጠይቀው እንድሪስ ቀና ብሎ አየኝ።

"ቄሱን ጠይቋቸው" አለ።

ይህን ብቻ። እሳቸው ናቸው ብሎ አልጠቆመብኝም፤ ራሴ እንድናገረው ተወልኝ። ከኋላዬ ዱላ የያዘ ሕዝብ፣ ከፊቴ ጠመንጃ የያዘ ወታደር። እኔ ነኝ ብል ሕዝቡ እመቤታችንን ያቃጠለ ቄስ ብሎ ይነሣብኛል፤ ወታደሩም ግጭት ቀስቃሽ ብሎ ይጭነኛል። ምላሴ ተሳሰረ ብዬ ላመካኝ? አልተሳሰረም፤ ደኅና አድርጎ ዋሸ።

"አላየሁም" አልኩ።

ሕዝቡ፣ ጭራሽ ቄሱን ሊያስወነጅል ነው ብሎ ተንጫጫ። ወታደሮቹ እንድሪስን እየገፉ መኪናው ላይ ጫኑት።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለእናኑ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ አራት ልጅ እንዳለን አስታወሰችኝ፣ ነገሩ እስኪበርድ ዝም ይበሉ አለችኝ። በእሷ አላሳብብም፤ እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ሁለት ቀን መቅደስ መግባት ፈርቼ አመመኝ ብዬ ተኛሁ። የእንድሪስ ሚስት ሁለቱንም ቀን መጥታ ደጄ ላይ ቆመች። ቆማ ቆማ ትሄዳለች። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

በሦስተኛው ቀን ሻለቃው የሃይማኖት አባቶችንና ሽማግሌዎችን ወረታ አዳራሽ ሰበሰበን። እንድሪስን ወደ ባሕር ዳር ሊወስዱት ስለ ነበር መኪናው ደጅ ቆሟል። ውስጥ ያው የመገንጠያው ክርክር ነው፤ በወንበር መሆኑ ብቻ ይለያል። አያልነህ የሚባል ወጣት ሕዝቡ ራሱ ይፍረድበት ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባውን ስሰማ ያ ሰው በእኔ ምክንያት ሊሞት እንደሆነ ገባኝና ተነሣሁ።

"ሥዕሉን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሥርዓት ነው። ውኃ የበላውን ነው ያቃጠልኩት። ዐመዱን ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ቀብሬዋለሁ፤ ኑና ቆፍራችሁ እዩ።"

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ዕንባውን ጠረገና፣ አባታችን ነፍስ ሊያድኑ በራሳቸው ላይ ዋሹ አለ። አያልነህ ደግሞ ወታደሩ አስፈራርቷቸው ነው አለ። አንደኛው ጻድቅ አደረገኝ፣ ሌላኛው የተገደደ ምስኪን። ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፣ በመስቀሌ ማልኩ። በጮህኩ ቁጥር ርኅራኄዬ ብሶ ታያቸው። ዐመዱን እንሂድና እንይ ብል ሻለቃው ተሰብስቦ መንቀሳቀስ ክልክል ነው አለ።

ሲያበቃ ሻለቃውን በር ላይ ያዝኩት።

"እኔ አምኜዎታለሁ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግን አሁን ብፈታው እዚሁ በር ላይ ይገድሉታል።"

"እንግዲያ እኔን እሰረኝ።"

"እርስዎን ባስር ከተማው ይነድዳል።"

ትቶኝ ሄደ። እኔም ወደ መኪናው ሮጥኩ፤ ወታደሩ መስቀሌን አይቶ አሳለፈኝ። እንድሪስ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ አብጧል። ተናግሬያለሁ፣ ሁሉንም ተናግሬያለሁ አልኩት። ሰምቷል፤ የአዳራሹ መስኮት ክፍት ነበር።

"አባ" አለኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "ያን ቀን ቢናገሩት እኮ ያምኑዎት ነበር።"

መኪናው በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር ይዞት ሄደ፤ ከአዳራሹ የወጡት ሰዎችም መስቀሌን ሊሳለሙ ከፊቴ ተሰለፉ።