ባለቤቱ የካደው ቢት

ቁልፉ የሚባለው ልጅ በዓለም ላይ ካሉት ቢት ሠሪዎች፣ ለራፐር ሙዚቃ ከሚያቀናብሩት ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ይህን ያልመሰከረለት ያልሰማው ብቻ ነው። ችግሩ ያልሰማው ሰው ብዛት ነው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ከታላቅ እህቱ በቀር በደንብ የሰማው ፍጡር የለም፤ እሷም የምትሰማው በግድግዳ በኩል ነው።

ሰው ጆሮ አጥቶ አይደለም፤ እሱ ስለማያሰማ ነው። ቀን ቀን የመኪና ቴፕና ስፒከር ሲገጥም ይውላል። ከሥራ ሲመለስ ክፍሉ ይገባና በሩን ይቆልፋል፣ መስኮቱን ይቆልፋል፣ ኮምፒውተሩን እንደ ባንክ ካዝና በተደራረበ የይለፍ ቃል ይከፍታል፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ትልቅ ፎጣ ጣል አድርጎ አንገቱን ከፎጣው ሥር አስገብቶ ይሠራል። ለሚያየው ሰው ጉንፋን ይዞት እንፋሎት የሚታጠን ነው የሚመስለው።

ሰው እንዲሰማለት አይፈልግም ማለት ግን አይደለም። ይፈልጋል፤ ፍላጎቱ እንቅልፍ ነስቶታል። ለዚህም ብሎ በከተማው ላሉ ራፐሮች በሙሉ ቢቶቹን ልኳል። ሲልክ ግን የራሱን ድምፅ ይጭንባቸዋል። ይህ በሙያው ያለ ነገር ነው፤ ቢት ሠሪ ሁሉ ሥራው እንዳይሰረቅበት መግቢያው ላይ ስሙን ሹክ ይላል። ቁልፉ ሹክ ማለት አያውቅበትም። ከመግቢያው እስከ መጨረሻው፣ ከበሮው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር «የቁልፉ ነው፤ እንዳትነኩ» እያለ ያንባርቅበታል። ከራፐሮቹ መልስ የሰጠው አንዱ ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ ሙዚቃው ጥሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ከኋላ የሚጮኸው ሰውዬ ግን ምን ሆኖ ነው?» ይላል መልሱ።

የቀሩት ዝም አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አልወደዱትም ብሎ አዝኖ ይተኛል። ቁልፉ ግን ዝም ያለ ሰው ሲያይ ሥራ ላይ ያለ ሌባ ነው የሚታየው። አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር ጆሮውን ደቅኖ የራሱን ከበሮ ይፈልጋል። የሳሙና ማስታወቂያ ሳይቀር ጠርጥሯል። ከሁሉ አብልጦ የሚሰስተው ከከበሮው ጋር ለሚያስገባው የጭብጨባ ድምፅ ነው። የእሱ ጭብጨባ እንደ ሌላው ሰው ከምቱ እኩል አትወድቅም፤ ቅንጣት ታህል ትዘገያለች፤ ከውጭ የተጠራ ሰው «መጣሁ» ብሎ ጫማውን ሲፈልግ የሚቆየውን ያህል። ያቺ መዘግየት ነች የሰሚውን አንገት ሳታስፈቅደው የምታስነቀንቀው። ቁልፉ ይህን ምስጢር ለመውሰድ ቢያንስ ሁለት መንግሥታት ሰው እንዳሰማሩ ያምን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጉሮሮ ራሱ ቁልፉ የሚሠራበት ሱቅ ድረስ መጣ። ጉሮሮ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ራፐር ነው። ድምፁ ከመወፈሩ የተነሳ ሰላም ሲል መደርደሪያ ላይ ያሉት ብሎኖች ቦታ ይቀያየራሉ። የመጣው ለመኪናው አዲስ ስፒከር ሊያስገጥም ነው። ቁልፉ የበሩን ሽፋን ፈታ፣ ገመዱን ሳበ፣ ስፒከሩን አሰረ። ቀጥሎ መሞከር ነው። ገጣሚ ሁሉ የሚሞክረው በቃሉ በሚያውቀው ሙዚቃ ነው፤ አለዚያ ስፒከሩ ምን እንደጎደለው አይለይም። ቁልፉ ደግሞ በቃሉ የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው። ግራ ቀኙን አየ። ጉሮሮ ውጭ ቆሞ ስልክ ያወራል። የመኪናውን መስኮቶች ዘጋና ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠውን፣ ጩኸት ያልጫነበትን፣ ለገዛ ጆሮው ያስቀረውን ቢት ከፈተ።

ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ሲገባ መኪናው ከመሬት ሳይነሳ አልቀረም። ቫዮሊኑ ተከተለ። በሩ ተከፈተ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ጉሮሮ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ።

ቁልፉ ለዚህች ጥያቄ መልስ ሲለማመድ ዓመታት ቆይቷል። መስታወት ፊት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተለማምዷል። አሁን ግን የሰውየው ዓይን ውስጥ ፍላጎት አየ። ፍላጎት የማን ዓይን ውስጥ ነው የሚታየው? የሌባ።

«እኔ አላውቅም» አለ። «ከሆነ ቦታ የመጣ ነው።»

«ከየት?»

«ፍላሹ ላይ ነበር።»

«ፍላሹስ የማን ነው?»

«እሱንም አላውቅም።»

ጉሮሮ ስልኩን ዘጋ። «ስማ፣ ባለቤቱን ካገኘኸው ቅዳሜ ከሰዓት ስቱዲዮ ይምጣ በለው። አልበሜ አንድ ዘፈን ጎድሎታል። ፋይሉን ፈትቶ ያምጣ፤ ከበሮው ለብቻ፣ ቤዙ ለብቻ፣ ሁሉም ለየብቻው። ቅዳሜ እንዘጋለን። ከዚያ ወዲያ በወርቅ ለብጦ ቢያመጣውም አልፈልገውም።»

ማታ ወሬውን ለእህቱ ነገራት። ፀጉር ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል፣ ቤት ስትገባ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ነው የምትቀመጠው።

«እና አላውቅም አልከው» አለች።

«ምን ልበለው እትዬ? አጠያየቁ አላማረኝም።»

«የማን ነው ነው ያለህ። ሌላ እንዴት ይጠይቅህ? ሽማግሌ ይላክብህ?»

«ፈትተህ አምጣ ማለቱስ? ገባሽ? ከበሮው ለብቻ። ብልት ብልቱን ለያይቶ ሊያከፋፍለው እኮ ነው።»

«እኔስ የሰው ፀጉር ሳልፈታ እሠራለሁ?»

«ፀጉር አይሰረቅም።»

«ታዲያ ዊግ ከዛፍ ይለቀማል?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን አቆመች። «ስማኝ አንተ ልጅ። ስንት ዘመን በግድግዳ ሰምቼሃለሁ። ጥሩ ነህ። ማንም ሳይሰርቅህ እዚያ ፎጣ ሥር ልታረጅ ነው። ቅዳሜ ካልሄድክ እኔም አልጋዬን ወደ ሳሎን አወጣለሁ። ያለችህን አንድ አድማጭ ታጣታለህ።»

ይህ ዛቻ አጥንቱ ድረስ ገባ። ሄደ። ሲሄድ ግን ጥንቃቄውን ይዞ ነው፤ ቫዮሊኑን ከቢቱ ነቅሎ ለብቻው ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀመጠና ፍላሹን ካልሲው ውስጥ ከተተው። ከሰረቁም አጥንቱን ይስረቁ፤ ሥጋው እግሬ ላይ ነው ብሎ ነው።

ስቱዲዮው ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ያለ ምድር ቤት ነበር። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳው በዕንቁላል ካርቶን ተለብጧል፤ የበሩ ጀርባ ፍራሽ ተቸንክሮበታል፤ ማራገቢያው እንዳያንሾካሹክ ጠፍቷል። ከሙቀቱ የተነሳ ካርቶኖቹ ያለ ዕንቁላልም ጫጩት ሊፈለፍሉ ምንም አልቀራቸው። ሶፋው ላይ ሁለት ቢት ሠሪዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ባለኮፍያ፣ አንዱ ባለመነጽር። የሁለቱም ሥራ ተሰምቶ አልሆነም፤ የቀሩት ማን እንደሚበልጣቸው አይተው ለመሄድ ነው። ሁለቱም አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ፍላሽ በእጃቸው ጨብጠዋል። ዜማ እንዳይነጠቁ ማንም አያንጎራጉርም፤ ባለመነጽሩማ በእግሩ ሳያውቀው ምት ጀምሮ፣ ባለኮፍያው ዞር ሲልበት ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ አቆመው።

«የቴፑ ልጅ» አለ ጉሮሮ። «ባለቤቱን አገኘኸው?»

ቁልፉ ሶፋውን አየ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትበራዋን ቀይ መብራት አየ። «ልኮኛል» አለ።

«ራሱ ለምን አልመጣም?»

«ሰው አያምንም።»

«አንተን እንዴት አመነህ ታዲያ?»

«እኔንም እምብዛም አያምነኝም» አለ ቁልፉ። ለዚህ ሰው የነገረው የመጀመሪያው እውነት ይኸው ነበር።

ባለስቱዲዮው፣ ፀጉሩ የሸበተ ዝምተኛ ሰው፣ ፍላሹን ተቀብሎ ከፈተ። ከበሮው ገባ፤ ቤዙ ገባ። የጉሮሮ አንገት መነቅነቅ ጀመረ። ባለኮፍያው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ የቫዮሊኑ ተራ ደረሰና ባዶ ሆነ። ጣሪያው እንደተነሳ ቤት ክፍት አለ።

«መኪናው ውስጥ ቫዮሊን ነበረው» አለ ጉሮሮ።

«ጎደሎ ነው» አለ ባለስቱዲዮው። ዘወር ብሎም ቁልፉን ጠየቀው። «ለመሆኑ የሠራው ማን ተብሎ ይጻፍ? ያለ ስም አልበም ላይ አናወጣም።»

ቁልፉ ሁሉን አስቦ ይህን አላሰበም ነበር። የተላከ ሰው ስም አይጻፍለትም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ባለቤቱ። የሠራሁት እኔ ነኝ ጋሼ።»

ጉሮሮ ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። «ያን ቀን አላውቅም አልከኝ። ቅድም ተልኬ ነው አልከኝ። አሁን አንተ ራስህ ነህ። ትንሽ ብንቆይ እኔም ሳልሆን አልቀርም።»

ሶፋው ላይ ሳቅ ተሰማ። ቁልፉ ግን አልተቆጣም፤ እንዲያውም ነገሩ ተገቢ ሆኖ ታየው። እሱ በጉሮሮ ቦታ ቢሆን እስካሁን በሩን ዘግቶ ኪስ ይፈትሽ ነበር። ጎንበስ አለና ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውን አወረደ፣ ላብ የነካውን ፍላሽ አውጥቶ ሰጠ። ባለስቱዲዮው በሁለት ጣቱ ጫፍ ተቀበለው። ቫዮሊኑ ቦታው ገባ፤ ጎደሎው ሞላ።

«ተመልከቱ፣ የእኔ ነው» አለ ቁልፉ።

«ሙሉውን የሰረቀ ሰውም ቫዮሊኑ ይኖረዋል» አለ ባለስቱዲዮው። «ካልሲ ውስጥ የደበቀው ደግሞ ይባስ።»

ጉሮሮ ከወንበሩ ተነሳ። «ባለፈው የሰው ሥራ የእኔ ነው ብለው ሰጥተውኝ የወጣ ዘፈኔን ከኢንተርኔት አውርጃለሁ፤ ባለቤቱን ይቅርታ ስለምን ከረምኩ። ሁለተኛ እዚያ ውስጥ አልገባም። ጋሼ፣ አልበሙ እንዳለ ይዘጋ።»

ለዓመታት ሌባን ሲጠብቅ የኖረው ሰው፣ በመጨረሻ ሌባ ተገኘ ሲባል ራሱ ሆነ። «የእኔ ነው ጋሼ» አለ ቁልፉ እንደገና።

ባለስቱዲዮው ወንበሩን ለቀቀለት። «የአንተ ከሆነ ቁጭ በልና ሥራ። አዲስ። እዚሁ፣ ዓይናችን እያየ።»

«እነሱ ይውጡ።»

«አይወጡም» አለ ጉሮሮ። «ምስክር ናቸው።»

ሁለቱ ምስክሮች ከሶፋው ተነስተው ከወንበሩ ጀርባ መጥተው ቆሙ። ትንፋሻቸው አንገቱ ላይ ይሰማዋል።

«ፎጣ ይኖራል?» አለ ቁልፉ።

«ላብህን ልትጠርግ?» አለ ባለስቱዲዮው።

«ተዉት» አለና ማውሱን ያዘ።

መጀመሪያ ሊያጭበረብር ሞከረ። ከበሮውን አስቀመጠ፣ ጭብጨባውን እንደማንኛውም ሰው ከምቱ እኩል ደረደረ፤ ምስጢሩን ሳያወጣ ሊያመልጥ ነው። ሥራው ንጹሕ ነበር፣ ቀጥ ያለ ነበር፣ የሞተ ነበር። ጉሮሮ ስልኩን አወጣ። ባለመነጽሩ በአፍንጫው ሳቀ።

«ይሄንማ የስልኬ መቀስቀሻም ይሠራዋል» አለ ባለስቱዲዮው።

ቁልፉ ስክሪኑን አየ። ጭብጨባዎቹ በመስመራቸው ተሰልፈዋል፤ አንዷም የእሱ አልመሰለችውም። ከኋላው አራት ዓይን፣ መነጽሩ ከተቆጠረ ስድስት፣ እጁን እየበላው ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያዩትን ነገር ነገ ከተማው በሙሉ ይሠራዋል። ካላዩት ደግሞ ቢቱ ተመልሶ ፎጣ ሥር ይገባል፤ በሌባ ስም።

ዓይኑን ጨፈነ። የመጀመሪያዋን ጭብጨባ ያዘና ትንሽ ወደኋላ ጎተታት። ሁለተኛዋን ከዚያ ያነሰ። ሦስተኛዋን ይበልጥ አዘገያት፣ አቅማምቶ ለቀቃት። ከጀርባው የነበረው ትንፋሽ ቆመ። ቤዝ ጨመረበትና ከፈተው።

መጀመሪያ የተነቀነቀው የባለመነጽሩ አንገት ነው፤ ሰውየው ራሱ አላወቀም። ጉሮሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ባለስቱዲዮው አዲሱን አቆመና አሮጌውን ከፈተ፤ እሱን አቆመና አዲሱን ከፈተ። ጭብጨባውን ብቻ ለይቶ ደግሞ ሰማ።

«እጁ አንድ ነው» አለ። «ይሄ አዘጋገይ አይሰረቅም። የሠራው እሱ ነው።»

ጉሮሮ እጁን ቁልፉ ትከሻ ላይ ጣለ። እጁ እንደ ኮርቻ ከበደ። «አንተ ልጅ፣ የገዛ ልጅህን መንገድ ላይ አላውቀውም የምትል ሰው ነህ» አለና ወደ መቅጃው ክፍል አመራ። በሩ ላይ ዘወር አለ። «ቫዮሊኑን ዝቅ አድርግልኝ ጋሼ። እኔ ስናገር እሱም ያወራል።»

ቁልፉ ለቫዮሊኑ ሊከራከር አፉን ከፍቶ ተወው። ስሙ ሲጻፍ ግን ስክሪኑ ወደ እሱ እንዲዞር ጠየቀ። አነበበው። ባለስቱዲዮው ሲያስቀምጠው ጠብቆ፣ ዘግተው እንዲከፍቱት ጠየቀና እንደገና አነበበው። ከዚያ በኋላ ብቻ ሄዶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ቦታቸው በተመለሱት በሁለቱ ምስክሮች መካከል።

ባለኮፍያው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ጭብጨባዋን በስንት ነው የምትጎትታት?»

ቁልፉ አየው። ለዚህች ጥያቄ ያዘጋጀው ውሸት አንድ መጋዘን ይሞላል። ከሁሉም አንዱን ለማንሳት ሰነፈ።

«ልክ የላትም» አለ። «እያንዳንዷን በጆሮዬ ነው የማስቀምጣት። ዓይንህን ጨፍነህ እስክትናፍቅህ ትጠብቃለህ፤ ስትናፍቅህ ትለቃታለህ።»

ባለኮፍያው ዓይኑን አጥብቦ ከላይ እስከ ታች መረመረው።

«እሺ» አለ ቅር እያለው። «አልነግርህም ማለት እኮ ይቻል ነበር።»

«እውነቴን ነው።»

«አዎ፣ ያን ቀንም አላውቀውም ስትል እውነትህን ነበር» አለና በቁልፉ ደረት ላይ አሻግሮ ከባለመነጽሩ ጋር ተያየ። ባለመነጽሩም ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም አላመነም።

ቁልፉ በእህቱ ስም ሊምልላቸው አሰበ። ከመቅጃው ክፍል መስታወት ወዲያ ግን ጉሮሮ የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመረ፤ ባለስቱዲዮውም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሦስቱንም ዝም አሰኛቸው።