እነሱንም ባርክ

"ዛሬ የአገሩን ጸሎት እህት አልጋነሽ ትምራን" አለ ተካ።

ሰርካዲስ ለመነሣት አንድ ጉልበቷን ከምንጣፉ ላይ አንሥታ ነበር፤ መልሳ ተንበረከከች። ከስድስት ዓመት በፊት ከተካና ከሚስቱ ጋር ይህን የጸሎት ቡድን ጅዳ ላይ ከጀመረች ወዲህ፣ በየዓርቡ ጸሎት መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያ የምትጸልየው እሷ ነበረች። በግልጽ የሰጣት ሰው የለም፤ ግን የእሷ ድርሻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል ብላ ታስብ ነበር።

ሰዓቱ የጁምዓ ሶላት ሰዓት ነው። ሱቆች ተዘግተዋል፤ የሰፈሩ ወንዶች መስጊድ ናቸው። የተካ ሚስት ድምፃቸው ወደ ደረጃው እንዳይወጣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጋ ከፍታዋለች። በሌላ ጊዜ አሥራ አምስት ሰው በሚታጨቅበት ክፍል ዛሬ የተገኙት ስድስት ናቸው። የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ ካለቀ አምስት ቀኑ ነው፤ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሐበሻ ከየቤቱ እየታፈሰ ነው።

አልጋነሽ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ጀመረች።

"ጌታ ሆይ፣ አገራችንን አስባት። ልጆቿን የምታኖርበት እንጀራ ስጣት። እናቶቻችን ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጡበት ዘመን ይብቃ። የሚያሳድዱንን ሰዎች ልባቸውን አራራ፤ እነሱንም ባርክ።"

"እነሱንም ባርክ" ስትል የተካ ሚስት አለቀሰች። ተካም ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ሰርካዲስ እንባ ሊመጣላት አልቻለም። እሷ ስትጸልይ ዝናቡን፣ ሰላሙን፣ መሪዎቹን፣ በሽተኞቹን በየተራቸው ነው የምትጠራው፤ አንድም አታስቀርም። ሰዉ "አሜን" ይልና ጫማውን ፍለጋ ይሄዳል። በስድስት ዓመት ውስጥ ማንም አልቅሶላት አያውቅም።

ይቺ ልጅ ወደ ቡድኑ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። እንደ ብዙዎቹ ክርስቲያን ሴቶች ፓስፖርቷ ላይ የሙስሊም ስም አስጽፋ ነው ከአገሯ የመጣችው፤ የደረሳት ቤት ክርስቲያን በማይገባበት መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር ሆነ። እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ ስትጸልይ ኖራ አንድ ቀን ጠፍታ ጅዳ ገባች። ይህን ስትመሰክር ሰዉ ትንፋሹን ይውጣል። ሰርካዲስ እንዲህ የሚነገር ነገር የላትም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ሠራች፤ አሠሪዎቿ ደኅና ሰዎች ናቸው፤ ኢቃማዋ በየጊዜው ይታደሳል። ስለዚህ ምን ተብሎ ይመሰከራል?

ጸሎቱ ሲያልቅ ተካ ወደ እሷ ዞረ።

"የዚች ልጅ ጸሎት እኮ ሰማይ ያንኳኳል። አይደል እህት ሰርካዲስ?"

"ጌታ ይመስገን" አለች፣ ሻርፗን እያስተካከለች።

ስልኳ ጠራ፤ አሠሪዋ ማዳም ናት። እሷም ሰርካዲስን የምታውቃት በፓስፖርቷ ስም ነው።

"ሸሪፋ፣ የእናቴ ሠራተኛ ዛሬ ጠዋት ሄዳ እጇን ሰጠች፤ አገሬ መልሱኝ ብላ። እናቴን ወደ ቤቴ አምጥቻታለሁ፤ የሚያነሣት ሰው የለም። የምታምኛት ልጅ አለች?"

"ወረቀት ያላት?"

"ባይኖራትም ግድ የለም። ቤቴ ድረስ መጥቶ የሚፈትሽ የለም። ወረቀቱን ባሌ ቀስ ብሎ ይጨርሰዋል። ካለች አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ሾፌሩ መንሱር መኪናውን ይዞ ወዳንቺ እየመጣ ነው።"

ሰርካዲስ ቀና አለች። የተካ ሚስት የአልጋነሽን ሁለት እጆች ይዛ "ለእኔም ለብቻዬ ትጸልዪልኛለሽ" እያለቻት ነው። ያቺ ሴት መውለድ አቅቷት ስንት ዓመቷ! አንድ ቀን እንኳ ሰርካዲስን ጸልዪልኝ ብላት አታውቅም።

"የማውቃት ሰው የለችም፣ ማዳም" አለች፤ ስልኩንም ዘጋች።

ጥቂት ቆይቶ ከታች የመኪና በሮች በተከታታይ ሲዘጉ ተሰማ። ተካ መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አደረገ።

"ሹርጣ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ እየገቡ ነው።"

ሁሉም ባለበት ቀረ። ከማዶ በር ሲደበደብ፣ ሴት ስትጮህ ተሰማ። ፖሊሶቹ ወጣቶችን እያወጡ አስፋልቱ ላይ ያስቀምጧቸው ጀመር፤ አንዱ ባዶ እግሩን ነው።

ሰርካዲስ ውኃ ልትጠጣ ወደ ማድቤት ስትገባ አልጋነሽን በፍሪጁና በግድግዳው መካከል ተኰራምታ አገኘቻት።

"እትዬ ሰርካዲስ፣ ጸልዪልኝ።"

"አንቺ ጸልዪ እንጂ። ሰማይ የሚያንኳኳው ያንቺ አይደል?"

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ምን ያህል መራራ እንደሆነ ራሷን አስደነገጣት። አልጋነሽ ግን አላስተዋለችውም።

"አልመጣ አለኝ። አፌ ደርቋል። መልሰው መካ ይወስዱኛል፤ ለዚያ ሰውዬ ይመልሱኛል።"

"የቱ ሰውዬ?"

አልጋነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከቧንቧው ምስክርነት ውስጥ ሳትናገር የዘለለችው ነገር እንዳለ ሰርካዲስ የዚያን ጊዜ ገባት።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷ መጸለይ እንዳቃታት ስትሰማ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። ደስታው ግን ከአንድ ትንፋሽ በላይ አልቆየም። አጠገቧ በርከክ አለች፤ እጇን ትከሻዋ ላይ አኖረች።

"ጌታ ሆይ..." ብላ ጀመረች። ዝናቡና ሰላሙ፣ መሪዎቹና በሽተኞቹ ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፈው መጡ። ለዚች ልጅ ግን ምን ብላ ትለምን? መልሱ እኮ ከሩብ ሰዓት በፊት በስልኳ መጥቶ ነበር፤ እንቢ ብላ የመለሰችው እሷ ናት።

ተነሥታ ደወለች።

"ማዳም፣ አንዲት ልጅ አገኘሁ። አዎ፣ ታማኝ ናት። ከእኔ ጋር ይዣት እመጣለሁ።"

ፖሊሶቹ ለቀው ሲሄዱ የመንሱር መኪና ደረሰ። የተካ ሚስት ኒቃቧን አልብሳ፣ እያለቀሰች አልጋነሽን ሸኘቻት። ደረጃው ላይ አልጋነሽ የሰርካዲስን እጅ ስማ አልለቅ አለች።

"እትዬ፣ ማታ ማታ አብረን እንጸልያለን! የት ነው የማድረው?"

"እኔ ክፍል።"

ሰርካዲስ ዘጠኝ ዓመት ለብቻዋ የኖረችበትን ጠባብ ክፍል፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ድምፅ ሲሞላ አሰበችው። ቅናቱ እንደገና ቆጠቆጣት። የመኪናውን የኋላ በር ከፍታ ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ ራሷ ኢቃማዋን በእጇ ይዛ ፍተሻ ቢያጋጥም ፖሊሱ በሚያጎነብስበት መስኮት በኩል ተቀመጠች።

"መንገድ ላይ እንዳትናገሪ። ለሚጠይቀን ሁሉ የምመልሰው እኔ ነኝ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"ደግሞ" አለች ሰርካዲስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ "ክፍሉ ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው። አንቺ መሬት ትተኛለሽ።"