የታጠፈው የሌባ መደብ

ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ሰው አምስት ቅዳሜ ሙሉ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጦ አንዲት ሙያ መምረጥ ያቅተዋል? የእውነት ሙያ ቢሆን እንኳ ደግ፤ የጨዋታ! ጦረኛ ሁን፣ አስማተኛ ሁን፣ ፈዋሽ ሁን፣ ሌባ ሁን፣ ብቻ አንዱን ሁንና እንገላገል። ሚጣ ይህን ለአባቷ ያላለችበት መንገድ የለም፤ ለምናዋለች፣ ተቆጥታዋለች፣ አቆላምጣዋለች። አባቷ ግን በአምስተኛውም ቅዳሜ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዝዞ፣ ያንኑ ጥያቄውን ደገመ።

«ክፍት የሆነው የሥራ መደብ የትኛው ነው?»

«አባዬ፣ መደብ አይደለም አልኩህ እኮ። ጨዋታ ነው። ደስ ያለህን ነው የምትመርጠው።»

«ደስ ያለኝን፣ እሺ። ግን ክፍት ካልሆነስ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ሰው ሲቀጥርና ሲያዛውር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ወጣ ይባል እንጂ የወጣው እግሩ ብቻ ነው። ቤታቸው ውስጥ የማንኪያ መሳቢያው ላይ እንኳ ዝርዝር ተለጥፎበታል፤ አንድ ሹካ ከጠፋ ማብራሪያ ይጠየቃል።

ጨዋታው ደግሞ ሕፃን የሚገባው ነገር ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የፈጠራ ሰው ይይዛል፤ የሰውየውን ስም፣ ሙያ፣ ጉልበትና የቀድሞ ታሪክ ቅጽ ላይ ይሞላል። ሚጣ መሪ ናትና ታሪኩን ትተርካለች፤ ዘንዶ መጣ፣ ድልድይ ተሰበረ ትላለች። እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይነግሯታል፤ ተሳካ አልተሳካ የሚለውን ሃያ ጎን ያለው፣ በየጎኑ ቁጥር የተጻፈበትና ጠረጴዛ ላይ የሚጣል ዳይስ ይፈርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሚጣ ይህን ሁሉ መከራ የምታየው ግን ለጨዋታ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ሆዷ ውስጥ የያዘችው ነገር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደምና ሽንት ስትመረምር ኖራ፣ አሁን የልጆች መጽሐፍ የሚያትም አንድ ማተሚያ ቤት ሰኞ ጠዋት ስዕሎችሽን ይዘሽ ነይ ብሏታል። ስዕሎቹ እነዚሁ የጨዋታው ቅጾች ናቸው፤ ጦረኛዋን፣ አስማተኛውን፣ ፈዋሿን፣ ሌባውን በየወረቀቱ ራስጌ በቀለም የሳለቻቸው። ስድስት ወር ፈጅተውባታል። ኮፒ ላይ ቀለሙ ይሞታል፣ ኦርጅናሉን አምጪ ብለዋታል። ስለዚህ የሚጫወቱት በኮፒው ነው፤ ኦርጅናሎቹን በአቃፊ ለይታ አስቀምጣለች። ከወደዱላት ላቦራቶሪውን ትለቃለች። ለአባቷ ግን እስካሁን ትንፍሽ አላለችም፤ ለእሱ ቋሚ ሥራ መልቀቅ ማለት እያየ እሳት ውስጥ እንደ መግባት ነው። እስኪ ለጨዋታ ያህል እንኳ አንዴ የወደደውን ሲመርጥ ልየው፣ ያኔ እነግረዋለሁ ብላ ነው ወደ ጠረጴዛው የጎተተችው። ከዛሬ ሌላ ቅዳሜ አልቀራትም።

ከአባትና ልጅ ሌላ ሁለት ተጫዋቾች ነበሩ። አንዱ የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ መሰላሉን በር ላይ ያቆማል። አስማተኛ ነው የመረጠው፤ ያውም ሳያስብ። «ሙሉ ሳምንት ሽቦ ስጎትት ነው የምውለው፤ አንድ ቀን እስኪ ዝም ብዬ መብራት ላብራ» አለ። ሁለተኛዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ የሚጣ የልጅነት ጓደኛ። እሷ ጦረኛ ናት። «ስድስት ቀን ‹እሺ የኔ እህት፣ እንዳልሽ የኔ እህት› ስል እከርማለሁ። ቅዳሜ ሰው ልደብድብበት!»

አያችሁ? እንዲህ ነው ሰው የሚመርጠው። በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

አባቷ ግን ኮፒውን ቅጽ ፊቱ ዘርግቶ ከላይ ጀመረ። ስም በሚለው ላይ የራሱን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፈ።

«አባዬ፣ የፈጠራ ስም ነው የሚጻፈው።»

«ነገ ሰውየው ቢፈለግ በምን ይገኛል?»

ጉልበት በሚለው ላይ ዳይስ ተጥሎ የሚወጣው ቁጥር ነው የሚሞላው። እሱ «ጀርባዬን ስለሚያመኝ ከአምስት ኪሎ በላይ አላነሳም» ብሎ ሞላ። ፀጉር ሠሪዋ ሳቋን ለማፈን ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች።

«ውሸት ጻፍ እኮ ነው የምልህ!» አለች ሚጣ። «ዘንዶ ገዳይ ነኝ በል፣ ተራራ እሸከማለሁ በል፣ የፈለግከውን ዋሽ!»

«ቅጽ ላይ ውሸት አይጻፍም፣ ሚጣ። ይሄን ከልጅነትሽ ጀምሮ ነግሬሻለሁ።»

«ጋሼ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ እንደ ማግባባት ብሎ፣ «ቢያንስ ሙያውን ይምረጡልን። ለምሳሌ አስማተኛ ቢሆኑስ? ሁለት ብንሆን ምን ችግር አለው?»

«አስማተኛ ቋሚ ነው ጊዜያዊ?»

«እ?»

«ቅጥሩን ነው የምልህ። ደግሞ በስንት ዓመቱ ነው ጡረታ የሚወጣው?»

ኤሌክትሪሺያኑ ሚጣን አየ፤ ሚጣ ጣሪያውን አየች። ሻይ ላፍላ ብላ ተነሣች፤ ሻይ ፈልጋ ሳይሆን ወጥ ቤት ገብታ ብቻዋን «እእእ!» ለማለት ነው። ብላም ወጣላት።

እሷ ወጥ ቤት ሳለች የሆነውን ስሙ። የፀጉር ሠሪዋ ስልክ ጮኸና አንዲት ደንበኛ ቀለሙ አልያዘልኝም ብላ ስታለቃቅስባት ወደ ደጅ ወጣች። አባትየው ኤሌክትሪሺያኑን «የኮሪደሩ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል፣ እስኪ እያት» ብሎ ላከው፤ በየሳምንቱ አንድ ነገር ሳያሠራው ለቆት አያውቅም። ክፍሉ ባዶ ሆነ። ጡረተኛው ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ኮፒዎች አየ፤ ቀጥሎ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ኦርጅናሎቹ ያሉበትን ሰማያዊ አቃፊ አየ። አምስት ሳምንት ሲያስጨንቀው የከረመው ነገር በአንድ ጊዜ ተፈታለት። ለካ ሰዎቹ ያለ ቦታቸው ስለተመደቡ ነው ነገሩ አልሄድ ያለው!

ሚጣ አራት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዛ ስትመለስ አባቷ እስክሪብቶውን እየከደነ ነበር። ፊቱ ፈክቷል፤ ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«ጨረስኩልሽ» አለ።

ኦርጅናሎቹ ፊቱ ተደርድረዋል። በጦረኛዋ ስዕል ላይ፣ ሚጣ ሦስት ሳምንት በደከመችበት ጋሻ ላይ፣ በቀይ ቀለም «ፀጉር ሠሪዋ እጇ ለስላሳ ስለሆነ ወደ ፈዋሽነት ተዛውራለች» ይላል። በአስማተኛው ካባ ላይ «ኤሌክትሪሺያኑ ከፍታ ስለማይፈራ ወደ ጦረኛነት ተዛውሯል»። በፈዋሿ ፊት ላይ፣ ፊቷ ላይ እኮ ነው የምላችሁ፣ «ተይዟል»። በሌባው ላይ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት መስመር ተሰምሮበት «እንዲህ ያለ መደብ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ስለሌለ ታጥፏል»። ሁሉም ሥር ፊርማና ቀን አለ። ጽሕፈቱ ደግሞ ያምራል፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

ትሪውን እንዴት እንዳስቀመጠችው አታውቅም።

«አባዬ… ኮፒው ፊትህ ተቀምጦ!»

«ኮፒ ላይ ውሳኔ አይጻፍም። ውሳኔ ኦርጅናሉ ላይ ነው፤ ኮፒው ለፋይል ነው። የአንደኛ ቀን ተቀጣሪ እንኳ ያውቀዋል።»

«ማን ወስን አለህ? ማን ጠየቀህ? አንዲት የራስህን ምረጥ ብልህ የሰዉን ሁሉ መረጥክ!» ድምጿ ኮሪደር ድረስ ተሰማ፤ ኤሌክትሪሺያኑ አምፖሉን እንደያዘ፣ ፀጉር ሠሪዋም ስልኳን እንደያዘች በሩ ላይ ቆሙ። «ሰኞ ማተሚያ ቤት ልወስዳቸው ነበር! እነዚህን! ሥራ ላገኝባቸው ነበር! ላቦራቶሪውን ልለቅ ነበር፣ ይኸው ስማ!»

«ቋሚ ሥራሽን?»

«አዎ ቋሚ ሥራዬን! የሰው ሽንት ቋሚ ስለሆነ ልሙት እንዴ?» እንባዋ መጣ፤ በመምጣቱ ደግሞ የባሰ ተናደደች። «አንተ ምን ታውቃለህ! የስዕል ትምህርት ቤቱን አንደኛ ምርጫዬ ብዬ ሞልቼ ጣሉኝ። ሁለተኛ ምርጫዬ ደረሰኝ። እጄ ደህና ቢሆን ኖሮ አይጥሉኝም ነበር ብዬ አሥር ዓመት እርሳስ አልነካሁም፤ ይሄን ታውቃለህ? አሥር ዓመት አልረባም እያልኩ ኖሬያለሁ! ገና አሁን፣ ገና አሁን ለካ እችላለሁ ስል…»

አባቷ መጀመሪያ ቀያዮቹን ጽሕፈቶች አየ፤ ከዚያ ልጁን አየ፤ ረጅም ጊዜ አያት። የፈካው ፊቱ አመድ መሰለ።

አቃፊው ውስጥ አምስተኛ ወረቀት ቀርቶ ነበር። ሚጣ ለእሱ ያዘጋጀችው ነው፤ ሙያውን እስኪመርጥ ብላ ሰውየውን ያለ ፊትና ያለ ልብስ ነድፋ የተወችው። ውሳኔ ስላላገኘ አልጻፈበትም ነበር። አሁን አወጣውና እስክሪብቶውን ከፈተ።

«እሱንም?» አለች ሚጣ። «እሱንም ልታበላሽልኝ?»

«ጋሼ፣ ኧረ ይተዉ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ፣ ከስዕሉ በታች ባሉት መስመሮች ላይ ብቻ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን በሁለት እጁ ወደ ልጁ ገፋላት።

ስም በሚለው ላይ ስሙ ከነአያቱ ነበር። ሙያ በሚለው ላይ «ሌባ» ይላል። ከሥሩ የቀድሞ ታሪክ በሚለው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

«የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ልጄ የትምህርት ምርጫዋን ሞልታ፣ አሽጋ፣ እንዳስገባላት ሰጠችኝ። ፖስታውን ከፍቼ አንደኛ ምርጫዋን ሰረዝኩ። በላቦራቶሪ ክፍት ቦታ ብዙ ነበር። የስዕል ትምህርት ቤቱ ስሟንም ሥራዋንም አላየም። ስለዚህ አልጣላትም።»

ፊርማ። ቀን።

ሚጣ ሁለቴ አነበበችው። ኤሌክትሪሺያኑ ከኋላዋ ሆኖ አንብቦ መሰላሉን አነሣ፤ ፀጉር ሠሪዋም ቦርሳዋን ፈለገች፤ ሻዩን ሳይቀምሱ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

ዳይሱን አንሥታ ባላት ኃይል ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ነጥሮ ከወንበር ሥር ገባ። አባቷ ጀርባውን ይዞ እያቃሰተ ጎንበስ አለና አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አሥራ ሁለት ዓመት!» አለች። «ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

«የሚጠይቀኝ ቅጽ አልነበረም።» ራሱም ሰምቶት አፈረ መሰል፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፈራሁ፣ ልጄ። እኔ በዕድሜዬ መርጬ አላውቅም፤ ክፍት ወደሆነው ነው የገባሁት። ክፍት ቦታ ላይ ካስገባኋት ልጄ አትወድቅም አልኩ። ስዕሉን የረሳሽው መስሎኝ ነበር። በራስሽ እንደፈረድሽ ግን… ይሄን አላወቅኩም።»

«መስሎህ ነበር!» አለች፤ «መስሎህ ነበር!» ይቅር ልትለው አልፈለገችም፤ ገና አልፈለገችም። ልትተወውም አልቻለችም። የሻዩ እንፋሎት ጠፍቷል። አራቱ ስዕሎች እንደ ተበላሹ ተዘርግተዋል፤ ሰኞ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም።

አምስተኛውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበችው። ፊት የሌለውን ሰው አየችው። ከዚያ ተነሥታ የቀለም ሣጥኗን አመጣች፤ ወንበሯን ስባ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ቀና በል» አለችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አራቱን አበላሽተህብኛል። የቀረኝ ኦርጅናል አንተ ነህ። ሰኞ የምወስደው አንተን ነው።»

አባቷ ወረቀቱን አየ፤ የገዛ ቀይ ጽሕፈቱን አየ።

«ከነጽሕፈቱ?»

«ከነጽሕፈቱ።»

ከዚያ እንደ ጥፋተኛ መነጽሩን አወለቀ።

«አታውልቅ» አለች ሚጣ፣ እርሳሷን እየቀረጸች። «ሌባው መነጽር ያደርጋል።»

መልሶ አደረገውና እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ዝም ብሎ ተቀመጠላት።