በሁለት ሰው መሃል የሚወድቅ ኳስ

ሦስተኛውን የመረብ ኳስ እየነፋች ነበር። መርፌውን በምራቋ አርጥባ ቀዳዳው ውስጥ ሰካችው፤ ኳሱን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ፓምፑን ቀስ እያለች ገፋች። ኳስ ሲሞላ ድምፁ ይለወጣል። መጀመሪያ እንደ ትራስ ድፍን ነው፣ በኋላ በጣት ሲመቱት መልስ ይሰጣል። አሰልጣኟ ያንን መልስ እየጠበቀች ሳለ የኮሌጁ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ገባ።

«እንዴት ዋልሽ አሰልጣኝ?» አለ። እሷን እያየ አልነበረም። አዳራሹን ከጫፍ ጫፍ በዓይኑ ይለካ ነበር።

«ደህና። ወንበር እየደረደሩ ነው?»

«በሐሳቤ» አለና ሳቀ። «ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ፈተና ሲደርስ ተማሪ የማስቀምጥበት የለኝም። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ታውቂኛለሽ። ግን ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ያላሸነፈ ቡድን አዳራሽ ይዞ ሲቀመጥ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሐሙስ የመጨረሻ ጨዋታችሁ ነው አይደል? ካሸነፋችሁ ለከርሞም ቡድን አለን። ካልሆነ መረቡን ጠቅልለሽ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ወጣት ነሽ» አለ፣ መልስ የሰጠ ይመስል፤ ወጣም።

እዚህ ከመምጣቷ በፊት በሁለት ኮሌጆች ረዳት አሰልጣኝ ነበረች። ረዳት ማለት ኳስ ትለቅማለች፣ ትልልቆቹ ሲናገሩ ራሷን ትነቀንቃለች፣ የእሷ ሐሳብ ሲሠራ የሌላ ሰው ሐሳብ ሆኖ ትሰማዋለች። የራሴ የምትለው ቡድን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ስትረከበው መረቡ ውሻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ለመጀመሪያው ልምምድ ሁለት ሴቶች ብቻ መጡ፤ አንዷ የመጣችው አዳራሽ ተሳስታ ነው። መረቡን ሰፋች። ረጅሟን ከመመዝገቢያው ሰልፍ፣ ግራኟን ከቤተ መጻሕፍት ጎትታ አመጣች። አቋቋም አስተማረቻቸው፣ አነሳስ አስተማረቻቸው፣ ክንዳቸው እስኪቀላ ኳስ አስቀበለቻቸው። አሁን ይዘላሉ፣ ይመታሉ፣ ይጠልዛሉ።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነላትም። ኳስ በሁለት ሰው መሃል ከመጣ ማንም አይነካውም።

በር ላይ «ቅደሚ»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» እንደሚባባሉ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም አንድ እርምጃ ይነሳሉ፣ ሁለቱም ይተዋሉ፣ ኳሱ መሃላቸው ጧ ይላል። ከዚያ ይቅርታ ይጠያየቃሉ። አሰልጣኟን የሚያንጨረጭራት ከኳሱ መውደቅ ይልቅ ይህ ይቅርታ ነው። እንዲህ ያሉ ጨዋ ልጆች የትም አይገኙም፤ እንዲህ የሚሸነፉም የትም አይገኙም።

በጣም የሚብሰው እትዬ አጠገብ ነው። እትዬ ትምህርቷን ለማሻሻል ወደ ኮሌጅ የተመለሰች የሦስተኛ ክፍል መምህርት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ከአሰልጣኟም በዕድሜ የምትበልጥ። አሰልጣኝ ባልነበረበት ዓመት ቡድኑ እንዳይዘጋ የታገለችው እሷ ናት፤ ለመጀመሪያው ልምምድ ሳትሳሳት የመጣችውም እሷ ነበረች። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ለእሷ ይሰጣል። ኳስም እንደዚያው።

ማክሰኞ ዕለት አሰልጣኟ በእትዬና በቁንጫ መሃል ኳስ ወረወረች። ቁንጫ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ስሙ የወጣላት በአዘላለሏ ነው። ሁለቱም ተነሱ፣ ሁለቱም ቆሙ። ጧ።

«ይቅርታ እትዬ።»

«ኧረ እኔ ነኝ ልጄ፣ ይቅርታ።»

አሰልጣኟ ፊሽካዋን ነፋች። «ቁንጫ! አፍ የለሽም? ‹የኔ!› ብለሽ ጩኺ አላልኩም? ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ኳሱ የሠርግ ጥሪ ነው እንዴ የሚጠብቅሽ? ዙሪያውን ሩጪ!»

«ተያት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እትዬ።

«ችግር የለም እትዬ» አለች አሰልጣኟ።

ማታ የምታድረው ከታላቅ ወንድሟ ቤት ነው። ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ተነታርኮ ሲገባ የተረፈውን ንትርክ ለእህቱ ያመጣላታል። ሚስቱ ሰሃን ታጥባለች፣ አሰልጣኟ ታደርቃለች።

«ዛሬስ አሸነፋችሁ?» አለ ጫማውን እያወለቀ።

«ዛሬ ልምምድ ነበር ጋሼ።»

«ልምምዱንስ ማን አሸነፈ?»

ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳቀች።

«እኔ ለክፋት አይደለም» አለ። «ጓደኛዬ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይፈልጋሉ። ጠረጴዛ አለው፣ ወንበር አለው፣ የሚጮህ ሰው የለም። ዓርብ አመጣታለሁ ብዬዋለሁ።»

ሰሃኑን ሁለት ጊዜ አደረቀችው። አልሄድም ልትል ነበር። «እሺ ጋሼ» አለች፤ ከዚያም በራሷ ተናዳ ጨርቁን ጠምዝዛ ጠምዝዛ ከደረቀም በኋላ ጠመዘዘችው።

ረቡዕ ዕለት ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቁንጫ ኳስ ልትለቅም ቀረች።

«አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ልናገርና ካስፈለገ እሮጣለሁ።»

«በይ።»

«እኔ ላይ በየቀኑ ትጮሂያለሽ።»

«ስለሚገባሽ ነው።»

«እሺ ይገባኛል። እትዬስ? እሷም እኮ እኩል ነው የምትስተው። ግን እሷ ስትስት ፊሽካው ራሱ ያፍራል። አንቺ አሰልጣኟ ያልደፈርሻትን ሴትዮ እኔ እንዴት ብዬ ኳስ ልቀማት?»

ልጅቷ ትክክል ናት፤ ትክክል መሆኗ ደግሞ የአሰልጣኟን ደም ይበልጥ አፈላው።

«ሂጂ ሩጪ» አለች።

«አውቄው ነበር» አለች ቁንጫ፤ ኳሶቹን አስቀምጣ መሮጥ ጀመረች።

ሐሙስ ተመልካቹ ከወትሮው በዛ። የስፖርት ክፍል ኃላፊውም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ፣ ቁልፉን ሊቀበል እንደ ተዘጋጀ ሰው እጁን ወደ ፊት አጣምሮ። የመጀመሪያው ዙር አለቀ፤ ተሸነፉ። ሁለተኛው ላይ ኳስ በእትዬና በቁንጫ መሃል መጣ። በቀጥታ የእትዬ ነበር፣ ትከሻዋ ላይ ነው የመጣው። እትዬ ፈገግ ብላ ለቀቀችው። ቁንጫ ደግሞ እትዬን አየች። ጧ።

«ይቅርታ» አለች እትዬ።

አሰልጣኟ እረፍት ጠየቀች። ልጆቹ ከበቧት። አንዷ እንደ ልማዷ ፎጣና ውሃ ይዛ ወደ እትዬ ሄደች። አሰልጣኟ ውሃውን ከእጇ ነጠቀች።

«እትዬ!» አለች። ድምፁ ከየት እንደ ወጣ አላወቀችም። «ያ ኳስ ያንቺ ነበር! ያንቺ! ለማን ነው የምትለቂው? እዚህ የመጣሽው ለመጫወት ነው ወይስ ልጆቹን ለመመረቅ? ዓመቱን ሙሉ ኳስ ትሰጫለሽ፣ አንዴ እንኳ ውሰጂ እንጂ! እግርሽ ደግሞ ተኝቷል፣ ጉልበትሽን እጠፊ!»

ረጅሟ ልጅ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። አሰልጣኟ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር፣ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው።

እትዬ ፊቷን በክንዷ ጠረገች።

«እኔማ ተስፋ የቆረጥሽብኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ክፍል ውስጥ የማልቆጣው ተስፋ የቆረጥኩበትን ልጅ ብቻ ነው። አንቺም ስትተዪኝ፣ ለአሮጊት አዝና ነው ያስቀመጠችኝ ብዬ...» ወደ ቁንጫ ዞረች። «አንቺስ? የኔን ኳስ የምታዪው ፎቶ ልታነሺው ነው?»

ቁንጫ ሳቀች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ጨዋታ መሰለ። ሁለተኛውን ዙር አሸነፉ፣ ሦስተኛውን አስረከቡ፣ አራተኛውን ግራኟ ኳስ ለግታ ጨረሰችው። አምስተኛው አጭር ነው፤ አስራ አምስት ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። አስራ ሦስት ለአስራ ሁለት እየመሩ ኳሱ እንደገና በሁለቱ መሃል መጣ።

«የኔ!» አለች ቁንጫ።

«የኔ!» አለች እትዬ።

ሁለቱም መጡ። ግንባርና ክርን ሲጋጩ ድምፁ እስከ በሩ ተሰማ። ኳሱ ወደ ተመልካቹ ተፈናጥሮ ሄደ።

አሰልጣኟ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ወይ ፈጣሪዬ! መጀመሪያ ማንም፣ አሁን ደግሞ ሁለቱም!»

ከእትዬ ቅንድብ በላይ ደም ወረደ። ዳኛው ጨዋታውን አስቆመ፤ እትዬ ፎጣ ግንባሯ ላይ ይዛ እያጉረመረመች ወጣች፣ ምትክ ገባች። አሁን አስራ ሦስት እኩል ናቸው። እትዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አርፋ የምትቀመጥ መስሏቸው ነበር። ሦስተኛ ክፍል የሚያዝ ድምፅ ግን ሌላ ነው።

«ተናገሩ! አፋችሁን ምን ዘጋው? ረጅሟ፣ አንቺን ነው! አሰልጣኝ፣ አንቺም ቁጭ በይ፣ ከለልሽኝ!»

አሰልጣኟ ተቀመጠች። ከዚያ ያደረገችው ገብቷት ተነሳች።

ረጅሟ አንዱን ኳስ መረቡ ላይ አገደችው። የመጨረሻው በቁንጫና በአንዷ የአራተኛ ዓመት ተማሪ መሃል መጣ። ቁንጫ «የኔ!» ብላ ጮኸች፣ ታላቋን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች፣ ኳሱን አነሳችው፤ ግራኟ መታችው። ባዶ ጥግ ላይ አረፈ። ቁንጫ ይቅርታ አልጠየቀችም። የአራተኛ ዓመቷም አልጠበቀችም፤ አንስታ ተሸከመቻት።

ልጆቹ እየጮሁ ሲዘሉ አሰልጣኟ አግዳሚው ላይ ከተቀመጠችው እትዬ ፊት ተንበርክካ ቁስሉን በጥጥ ታጥብ ነበር። ኃላፊው መጣ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! አሸነፋችሁ እንግዲህ። ቃሌ ቃል ነው። ለፈተናው ግን ወንበሮቹን በዚህ በኩል እስከ መሃል ድረስ ብናስገባ...»

«ከመስመሩ ውጭ» አለች፣ ዓይኗን ከቁስሉ ሳታነሳ።

«ምን አልሽ?»

«ወንበሮቹ ከመስመሩ ውጭ ይቀመጡ። ልምምድ አለን። ጥጡን ይያዙልኝ።»

ኃላፊው ጥጡን ያዘ። ጥጡን አየ፣ አዳራሹን አየ፣ «እሺ፣ እንነጋገርበታለን» አለና ጥጡን መልሶላት ሄደ።

«‹የኔ!› ማለቱ ወዳንቺም ተዛመተ» አለች እትዬ።

«ዝም በይ፣ አትንቀሳቀሺ። ለዚያ ኳስም ጉልበትሽን አላጠፍሽም እኮ።»

«እየደማሁ ነው፣ ታውቂያለሽ?»

«አይቻለሁ። ብትደሚም አላጠፍሽም። ነገ ከሁሉም ቀድመሽ ትመጫለሽ፣ ሃያ ጊዜ ተነሥ ቁጭ።»

«ነገ ዓርብ ነው፣ ልምምድ የለም።»

አሰልጣኟ የደማውን ጥጥ ጥላ ፋሻ አነሳች። ዓርብ። ጠረጴዛ ያለው፣ ወንበር ያለው ሥራ።

«አሁን አለ» አለች። «ወንድሜን ግን ዛሬ ማታ ማናገር አለብኝ። እሱን መድፈር ከአንቺም ይብሳል፣ ሹፌር ነው።»

ፋሻውን በግንባሯ ዙሪያ ጠመጠመች፣ ጆሮዋን እንዳይጫን ከፍ አደረገችው፣ ጫፉን ከኋላ አሰረች። የተረፈውን በመቀስ ቆረጠች። ከዚያ መቀሱን ጠርጋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ክዳኑን ገጠመችና በእግሯ ከአግዳሚው ሥር ገፋችው።