የዝንቧ ሰዓት

ሰዓት ጠጋኙ ሻዩን ጨልጦ ሲያበቃ ስኒውን ገለበጠና ከሥሩ ያለውን የሠሪውን ማኅተም ማንበብ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳያየው ክርኑን ከለላ አድርጎ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠችው የብር ዕቃ ሰብሳቢ ግን ቀድማው የሻይ ማንኪያዋን ገልብጣ አይታ ኖሮ «ማንኪያው ይሻላል» አለችው በሹክሹክታ። ከወዲያ ጥግ ምንጣፍ ነጋዴው ባንድ እጁ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ፣ በሌላው እጁ የተደገፈውን ጠረጴዛ በጣቱ ቋ ቋ ያደርጋል። ሙሉ እንጨት ይሁን ልባጥ ከድምፁ ሊለይ ነው።

ባልቴቷ ከተቀመጠችበት ሁሉንም አየቻቸው። ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ከፊቷ የጠፋ ነገር ከንፈሯን ሲነካካት ተሰማትና የሻርፗን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋች።

«ሳቂ እንጂ እትዬ» አላት ሰዓት ጠጋኙ፣ እንደተነቃበት ሲያውቅ ስኒውን እያቀና። «እሱ ቢኖር ስኒውን ከነሻዩ ነበር የሚገለብጠው።»

እውነቱን ነው። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ ሐራጅ ባይ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ የድሮ ወንበር፣ የብር ሳህን፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ባለቤቱ ሞቶ የተረፈ ቁም ሣጥን ሲያጫርት ኖረ። ስሙን የሚያነሳ አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ መዶሻ» ይለው ነበር። ገዢ ያጣ ዕቃ ሲያይ ደግሞ አንጀቱ አይችልም፤ «ማንም አልወሰደውም፣ ምስኪን» እያለ ቤቱ ይዞት ይገባል። ስለዚህ አሁን ለቀስተኛው የተቀመጠባቸው ወንበሮች አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። አንዱ ባለ አንበሳ እግር ነው፤ አንዱ የሚሽከረከር የጥርስ ሐኪም ወንበር ነው፤ እሱ ላይ የተቀመጠ ለቀስተኛ ሊያለቅስ ጎንበስ ባለ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይዞርበታል። ለቅሶ ቤቱን የሞላውም በሟቹ መዶሻ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ያለቅሳሉ፣ ከልባቸው ያለቅሳሉ፤ ዕቃ ሳይመረምሩ ማልቀስ ግን አያውቁበትም።

ከበሩ አጠገብ ያለው የቁም ሰዓት «ኽህ፣ ኽህ» ብሎ ሳለ። ከመደወሉ በፊት ሁልጊዜ ይስላል፣ ንግግር ሊጀምር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ። ከዚያ ደወለ። ከፊቱ ቆሞ የነበረው ባለ ሆቴል፣ በቅርቡ ወደ ከተማው የመጣ ሰው ነው፣ የሰዓቱን ቁመት በስንዝሩ እየለካ «ለእንግዳ መቀበያዬ ልክ ነው» አለ ለራሱ።

የባልቴቷ ፊት ተመልሶ ጠቆረ። ሰዓቱ በማግስቱ ሐራጅ ላይ የመጀመሪያው ዕቃ ነበር።

ሐራጁ የሟቹ የራሱ ቃል ነው። አልጋ ላይ ሳለ፣ ትንፋሹ እያጠረ እንኳ ነገር ማብሰሉን አልተወም ነበርና፣ ሚስቱንና ልጁን ጠርቶ «ለቅሶዬ ላይ የሚመጣው ሁሉ ገዢ ነው» አላቸው። «ሰዉ ከመበተኑ በፊት ሽጡት። ሁለተኛ ልጥራ ብላችሁ አትልፉ። ደግሞ ያዘነ ሰው ዋጋ አይከራከርም።»

«አንተ ሰውዬ» ብላው ነበር ሚስቱ፣ ትራሱን እያስተካከለችለት፣ «ስትሞትም ልትነግድ ነው?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለ። ልጅቱ እየሳቀች ወጥታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

እሷም ሐራጅ ባይ ናት፤ የአባቷን መዶሻ ከያዘች ሰነበተች። እናቷን ሁለት ክፍል ብቻ ወዳላት ቤቷ ልትወስድ ስለሆነ ያ ሁሉ ወንበርና ቁም ሣጥን መግቢያ የለውም። ከቀብሩ በኋላ ከክፍል ክፍል እየዞረች በየዕቃው ላይ ቁጥር ስትለጥፍ ሰዓቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። «የሱን ነገር አንቺ ንገሪኝ እማዬ» አለች። ሰዓቱ ልክ ያኔ ሳለ።

«እሱ ዝም ብሎ ተኝቶ ይኼ እንጨት ይለፈልፋል?» አለች ባልቴቷ በንዴት። «እሱን መጀመሪያ ሽጪልኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ልጅቱ ቁጥሩን ለጠፈች፤ የዕቃው ስም ሐራጅ ቤቱ በር ላይ ወጣ። በሟቹ ሕግ ደግሞ በር ላይ ስሙ የወጣ ዕቃ እንደተጠራ ይቆጠራል፤ የተጠራ ዕቃ ከመድረክ አይወርድም። የገዛ እናቱ በርጩማ በስህተት ተጠርታበት እንኳ ላቡን እየጠረገ አጫርቶ ሸጧታል።

ሰዓቱ ቤቱ የገባው በሚስቱ በኩል ነበር። ያኔ ወጣት ነች፤ ዶፍ ሲጥል ለመጠለል ያገኘችው ክፍት በር የሐራጅ አዳራሽ ሆነና ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ሐራጅ ምን እንደሆነም አታውቅም። መድረኩ ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ አንድ ረጅም ሰዓት እያሳየ ይጮኻል። ጉንጯ ላይ ዝንብ አረፈባት፤ እጇን አንስታ እሽ አለቻት። መዶሻው ጓ አለ።

«እመቤት፣ ሰዓትዎን ይረከቡ» አላት ሰውዬው።

ሰዉን ጥሳ ሄዳ ተጣላችው። «ዝንብ ነው ያባረርኩት!»

«እኔ እጅ አይቻለሁ» አላት ረጋ ብሎ፤ «ዝንብ አላየሁም። መዶሻ ደግሞ አንዴ ከወረደ አይመለስም።»

ሦስት ጊዜ ልትጣላው ተመላለሰች። በአራተኛው ፀጉሯን ተሠርታ ነበር የመጣችው።

ከዚያ በኋላ የትዳራቸው ጨዋታ ይኼው ሆነ። ወጡ ሲያርባት «ዝንብ ነበረች!» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «አልነበረችም» ይላል። ልጅ ሲወለድ፣ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲጋበዝ ዝንቧ ትነሳለች። እሷም ካዳራሹ ኋላ ስትቀመጥ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ቀብራ ነው፤ ሁለተኛ በሐራጅ እጄን አላነሳም ብላ ምላለች። በየዓመቱም «ይኼን ሳላም አውጣና ሽጠው» ትለዋለች። እሱ በየዓመቱ አሸክሞ ይወስደዋል፤ ሰዓቱ በየዓመቱ በሰው ሸክም ይመለሳል። «ማንም አልፈለገውም፣ ምስኪን» ይላታል።

አሁን ሰዓት ጠጋኙ ሁለተኛ ሻይ ሲቀዳለት ባልቴቷ «ነገ አንተ ብትወስደው ደስ ይለኛል» አለችው። «ዘይት ስታጠጣው የኖርክ አንተ ነህ።»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አለ። «እሱ ሰዓት ሲጠራ እጄን አንስቼ አላውቅም።»

«እኮ ለምን? ይህን ያህል ያስጠላል?»

ሰዓት ጠጋኙ ብር ሰብሳቢዋን አያት። ብር ሰብሳቢዋ ምንጣፍ ነጋዴውን አየችው። ምንጣፍ ነጋዴው መሐረቡን አፉ ላይ አደረገ።

«ዓይኑ ነዋ እትዬ!» አለች ብር ሰብሳቢዋ። «ሰዓቱ ሲጠራ አዳራሹን እንዲህ ያየዋል» ብላ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ከቅንድቧ ሥር አፈጠጠች። «እጅሽን ብታነሺ እጅሽን የሚቆርጥ ነው የሚመስለው። ስንት ዘመን ጭንቅላታችንን እንኳ ሳናክ ተቀምጠናል።»

«አንዴ አስነጥሶኝ ልሞት ነበር» አለ ምንጣፍ ነጋዴው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያወቀውን እሷ በለቅሶው ሰማች። «እንግዲያው ለምን አልሸጥም አላለኝም?» አለች።

«ታዲያ በምን ሊጣላሽ?» አለ ሰዓት ጠጋኙ። «ያቺ ዝንብ በግራ ጉንጭሽ ላይ ካረፈች ጀምሮ...»

ባልቴቷ እጇን አነሳችበት። «ቆይ። በግራ ይሁን በቀኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ሰዓት ጠጋኙ ስኒውን አስቀመጠ።

«እሱ ነው የነገረኝ» አለ። «ያን ለት ከመድረክ ወርዶ መጣና፣ “ዝንቧን አየሃት? በግራ ጉንጯ ላይ ያለችውን? የወይን ፍሬ ታክላለች” አለኝ። “አይተህ ለምን መዶሻውን መታህ ታዲያ?” ብለው፣ “ዝናቡ አባርቶ ነበራ፤ ባልመታ ተነስታ ትሄድብኝ ነበር” አለኝ። እስከ ሞት አትንገራት ብሎ አስምሎኛል። እሱ እስኪሞት ማለቱ ይሁን እኔ እስክሞት ማለቱ እንጃ፤ ግን ይኼው ሞተ።»

ባልቴቷ መጀመሪያ ትከሻዋ ተነቃነቀ። የምታለቅስ መስሏቸው ሁለት ሴቶች ሊደግፏት ተነሱ። ስትስቅ ነበር። «ውሸታም» አለች፣ «አንተ ውሸታም ሽማግሌ፣ ዝንብ ነበረች አላልኩህም!» ከሳቋ ብዛት እንባዋ ወረደ፤ ከዚያ የቱ የሳቁ የቱ የለቅሶው እንባ እንደሆነ እሷም አልለየችውም። ለቀስተኛው ሁሉ አብሯት ሳቀ። በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ እየሳቀ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሰዉ ሲወጣ ልጇን ጓዳ ጠራቻት።

«ሰዓቱን አልሸጥም።»

ልጅቱ ግንባሯን ያዘች። «ተጠርቷል እኮ እማዬ። ያባዬ የመጨረሻ ሐራጅ ላይ ያባዬን ሕግ ላፍርስ?»

«አታፍርሺ» አለች እናቷ ካሰበች በኋላ። «እሱም አያፈርስም ነበር።»

«እንግዲያው እንደማንም እጅሽን አንስተሽ ተጫረቺ።»

«እኔ? በሐራጅ?»

«ሌላ መንገድ የለም» አለች ልጅቱ፤ ጉንጯን ግን ሁለት ጊዜ ሳመቻት።

በማግስቱ ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞላ። ልጅቱ ያባቷን መዶሻ ይዛ ከመስኮቱ ፊት ቆመች። ባልቴቷ ከኋላ፣ እንደ ድሮዋ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ቀብራ ተቀመጠች። ሰዓቱ ተጠራ። መነሻ ዋጋውም ተነገረ።

ማንም አልተነቃነቀም። ሰዓት ጠጋኙ ጣሪያውን ያያል፤ ምንጣፍ ነጋዴው ማስነጠስ ፈርቶ አፍንጫውን ይዟል። ከፊት ረድፍ ግን ባለ ሆቴሉ እጁን ከፍ አደረገ።

«አንደኛ» አለች ልጅቱ። ዓይኗ የእናቷን ፈለገ።

ባልቴቷ እጇን ልታወጣ ሞከረች፤ እጇ እንቢ አላት። ስንት ዘመን እዚያ ተቀብሮ የኖረ እጅ ነው። ደግሞም ይኼ እጅ ቢነሳ፣ ከመድረኩ የሚያየው ያ ሰው የለም።

«ሁለተኛ» አለች ልጅቱ። መዶሻው ተነሳ።

ሰዓቱ «ኽህ፣ ኽህ» አለ።

ግራ ጉንጯን የሆነ ነገር በላት። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ጊዜውም የዝንብ አልነበረም። ባልቴቷ እጇን መዘዘችና ጉንጯ አጠገብ እሽ አለች።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። «እማዬ» አለች ልጅቱ፣ «ዝንብ ነው?»

«ሐራጅ ባይዋ አንቺ ነሽ» አለች እናቷ። «ምን አየሽ?»

ልጅቱ ቀና አለች። «እጅ አይቻለሁ» አለች ባባቷ አነጋገር፤ «ዝንብ አላየሁም።»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ያልገባው ባለ ሆቴል ዋጋ ሊጨምር እጁን ማንሳት ጀመረ። ያኔ ሳቁ ቀጥ አለና ሰዓት ጠጋኙ፣ ብር ሰብሳቢዋ፣ ምንጣፍ ነጋዴው፣ ረድፉ በሙሉ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ከቅንድቡ ሥር አፈጠጠበት። የሟቹ ዓይን ከየወንበሩ ያየው ነበር። ባለ ሆቴሉ እጁን ቀስ አድርጎ አወረደና ተቀመጠበት።

«ተሸጠ» አለች ልጅቱ፤ መዶሻው ጓ አለ።

«ይህን ሰዓት በዝንብ ስትገዛ ይኼ ሁለተኛዋ ነው» አለ ሰዓት ጠጋኙ፣ ሰዉም እያጨበጨበ ወደ እሷ ዞረ። ባልቴቷ እጇን አላወረደችም። ጣቶቿን አጠፍ አድርጋ ግራ ጉንጯን በመዳፏ ከደነችው፤ ከሥሩ ያለው እንዳይበርባት ያህል፣ ሳትጫነው፣ ያዘችው።