የግራው መብራት

"ፈንቅለሽ አውጭው እንጅ! ለአንድ መብራት መኪናዬን ታርጅዋለሽ?" አሉ ነጋዴው ሷሊህ፣ የፒክአፓቸው ባምፐር ተፈትቶ መሬት ላይ ተጋድሞ ሲያዩት።

"የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፣ ጋሸ" አለች የዓለምወርቅ ቀና ሳትል። "ከስር የተደበቀ ብሎን አለው። እሱ ሳይፈታ ከተፈነቀለ ማቀፊያው ይጣመማል፤ አዲሱም አይቀመጥልዎት።"

ሸሕዲ ውስጥ በራሷ ስም ለከፈተችው ጋራዥ ይህ የመጀመሪያ መኪናው ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ከፈረደ ጋራዥ ሥራ ለቃ ስትወጣ፣ ፈረደ "ወር ሳይሞላት ትመለሳለች" ብሎ ስቆባታል። ሸሕዲ ደግሞ ወሬ ከአውቶቡስ የሚቀድምባት ከተማ ናት። ይህን መኪና ካበላሸች ሁለተኛ እንደማይመጣላት ታውቃለች።

ብሎኑን ፈታች፤ የሶኬቱን ምላስ ተጭና ነቀለች። በወይፈን ቀንድ የተሰበረው መብራት ሳይንቋቋ ወደ እጇ መጣ። ደስ አላት፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

ሷሊህ ይዘውት የመጡትን መብራት ከካርቶኑ አወጣችና፣ ከመግጠሟ በፊት ሶኬቱን ሰክታ በጥላው ውስጥ ወደ ግድግዳው አበራችው። ፊቷ ተለወጠ።

"ጋሸ፣ ይኸ በመንገዱ ግራ ከሚነዱበት አገር መኪና የተፈታ ነው። ብርሃኑ ወደ ግራ ሽቅብ ይወጣል። እኛ ጋ ደግሞ በግራ በኩል ከፊት የሚመጣ መኪና ነው ያለው። የሾፌሩን ዓይን ያጠፋዋል። አልገጥመውም።"

"ይበራ የለም እንዴ? ሰሊጤ ሽንፋ ሜዳ ላይ ነው፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ዛሬ ማታ መድረስ አለብኝ። ፈረደ እንደሆን አሁኑኑ ይገጥመዋል!"

"ይገጥመዋል። እኔ ግን አልገጥመውም። አሮጌውን መልሸ ልሰርልዎትና ይሂዱ።"

የመጀመሪያ ደንበኛዋን በገዛ አፏ ወደ ፈረደ መሸኘቷ ከፋት። ቢሆንም ጎንበስ ብላ ብሎኖቹን መለየት ጀመረች።

ሷሊህ ግን "እስቲ ድገሚው" አሉ። ሄደው በግራ በኩል ከመብራቱ ፊት ለፊት ቆሙ፤ እንደ ሾፌር ቁመት ዝቅ አሉ። አበራችው። ሁለት እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ።

"አዑዙ ቢላህ! በቃ፣ አጥፊው!"

እንባቸውን እየጠረጉ ስልክ ደወሉ። "ሰፍዋን ልጀ፣ ዛሬ አልመጣም። ሰሊጡን ሸራ አልብሰውና እዚያው እደር። ዝናቡ ከመጣም የአላህ ነው።"

ስልኩን ዘጉና የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ከብሎኖቹ አጠገብ አስቀመጡት።

"ኸላስ፣ በቃ፤ ነገ ትክክለኛውን ከጎንደር አስመጣለሁ። እስከዚያ እንደተፈታ እዚሁ ይደር።"

ሲወጡ ፈረደ ከማዶ በእጁ ጠራቸው። ሷሊህ በሰላምታ ብቻ አለፉትና የሚያልፍ ባጃጅ አስቆሙ።